ጠላ የነካ ለሦስት ቀን አይግባ

ባለፈው ሰኞ፣ አዲስ የተቀጠረችው ብሌን ሕዋሳት በምናሳድግበት የሴል ክፍላችን በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አንብባ ሳቀች። ፈገግታ አልነበረም፤ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ሆዷን ይዛ ነው የሳቀችው። ሳቋ ሲበርድላት ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳችው። ማስታወቂያው ረጅም አይደለም። «ጠላ የነካ ለሦስት ቀን አይግባ» ይላል፤ ሌላ የለውም። በጥቁር ማርከር በእጅ የተጻፈ ነው። ወረቀቱ ከዕድሜ ብዛት ቢጫ ሆኗል፤ ወደዚህ አዲስ ሕንፃ ስንዛወር ከአሮጌው በር ላይ በጥንቃቄ ነቅዬ ያመጣሁት እኔው ነኝ።

«እትዬ ትርሲት፣ ይሄ ቀልድ ነው አይደል?» አለችኝ።

«ቀልድ አይደለም።»

«ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ።»

ሳቋን ዋጥ አደረገች። ልነግራት አፌን ስከፍት ለስብሰባ ተጠራሁና ሳልነግራት ቀረሁ። ማታ ከዓለም ባንክ ሠፈር ታክሲ ተሳፍሬ ወደ ቀራንዮ ስመለስ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። መንገዱ እንደ ልማዱ ተዘጋግቶ ነበር፤ ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ቆሎ ይቆረጥማል፤ እኔም በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየሁ ወደ ኋላ ሄድኩ። ለእሷ ያልነገርኳትን እዚህ ልጻፈው አልኩ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በባዮሎጂ ተመርቄ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስዞር ከርሜ፣ ከጦር ኃይሎች አደባባይ ብዙም በማይርቅ አንድ የምርምር ቤተ ሙከራ ውስጥ ለስድስት ወር በሙከራ ተቀጠርኩ። ቤተ ሙከራ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሁለት ክፍል፣ አንድ ኮሪደር፣ ዝናብ ሲመጣ ሰው ከሰው የማያነጋግር የቆርቆሮ ጣራ። ጠዋት ጠዋት ከቤታችን እስከ ዋናው መንገድ በእግሬ እወርዳለሁ፤ ክረምት ከሆነ ጫማዬን በፌስታል ይዤ በቦቲ ነው የምወርደው። ከዚያ ታክሲ ውስጥ ተጣብበን፣ አንዱ ተሳፋሪ የያዘው ትኩስ ዳቦ ሁላችንንም እያስራበን፣ ጦር ኃይሎች እንደርሳለን። ያንን መንገድ ዛሬም እወደዋለሁ። ሥራ ያለኝ ሰው ሆኜ የሄድኩበት የመጀመሪያው መንገድ ነውና።

አለቃዬ ዶክተር ይልማ ይባላሉ። ውጭ አገር ብዙ ዓመት ተምረውና ሠርተው፣ ሁለት ሻንጣ ሙሉ መጽሐፍ ይዘው የተመለሱ ሰው ነበሩ። ክፉ አልነበሩም፤ ግን ቃል ይቆጥባሉ። ሲቆጡ ደግሞ ድምፃቸው ከፍ አይልም፤ ዝቅ ይላል። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

የሥራችንን ነገር በቀላሉ ልንገራችሁ፤ ለእናቴም የነገርኳት እንዲሁ ነው። በሰውነታችን ሕዋስ ውስጥ ካይኔዝ የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። ሥራቸው መልእክት ማቀበል ነው። የጦር ኃይሎችን ወያላ አስቡት። ሰው ሲሞላ የታክሲውን ጎን ጠፍ ጠፍ አድርጎ «ሳበው!» ይላል፤ ሹፌሩም ይነዳል። «ወራጅ አለ» ሲል ደግሞ ይቆማል። ካይኔዝም እንደዚሁ ነው፤ «ተባዛ» የሚል መልእክት ሲመጣለት ይቀበላል፣ ያቀብላል፣ ከዚያ ዝም ይላል። በአንዳንድ የደም ካንሰር ላይ ግን ወያላው ያብዳል። ማንም ሳይሳፈር፣ ማንም ሳይወርድ፣ ሌት ተቀን ጎኑን ይደበድባል። ሕዋሱም መቆሚያ ያጣል፤ ይባዛል፣ ይባዛል። የዚያን ወያላ እጅ የሚይዝ መድኃኒት ተገኝቶ ነበር። አንዳንድ በሽተኞች ላይ ግን ወያላው መልኩን ትንሽ ይቀይርና መድኃኒቱ እጁን መያዝ ያቅተዋል። ዶክተር ይልማ ማወቅ የፈለጉት ለምን እንደሚያቅተው ነበር።

«ታዲያ ወያላውን አውርዶ መሄድ ነዋ!» አለችኝ እናቴ፣ ምስር እየለቀመች።

«እሱን ነው የምንሞክረው፣ እማዬ።»

ለዚህ ጥናት ያበደውን ወያላ የያዙ፣ ሲባዙም ከትውልድ ወደ ትውልድ የማይጥሉት ሕዋሳት ያስፈልጉናል። የጸና የሴል ዘር እንለዋለን። አሠራሩ ትዕግሥት ይፈልጋል። የካይኔዙን ጂን ወደ ጤነኛ ሕዋሳት እንልካለን፤ መርዝን ለመቋቋም የሚያስችል ሌላ ጂን አጣምረን ነው የምንልከው። ቀጥሎ መርዙን እንጨምራለን። ጂኑን ያልተቀበሉት ያልቃሉ፤ የተቀበሉት ይተርፋሉ። ከተረፉት እያንዳንዷን ለብቻዋ በትንሽ ጉድጓድ አስቀምጦ፣ እየመገቡ፣ እስክትራባ መጠበቅ ነው። አንዷ ሁለት ትሆናለች፤ ሁለቱ አራት። ሰኔን፣ ሐምሌን፣ ነሐሴን እንዲህ ስጠብቅ ከረምኩ። ብዙዎቹ ሞቱ። ጥቂቶቹ ኖረው ጂኑን ጣሉት። በሰባተኛው ጉድጓድ የነበረችው ብቻ ጸናች። ስም ስላልወጣላት «ሰባተኛዋ» አልናት፤ ቆይቶ ያ ስሟ ሆኖ ቀረ።

በእንቁጣጣሽ ማግስት ዶክተር ይልማ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብለው ብዙ ደቂቃ አዩዋት። ቀና ሲሉ መነጽራቸውን እየወለወሉ፣ «ትርሲት፣ ይቺ ከኖረች አንቺም እዚህ ትኖሪያለሽ» አሉኝ። የሙከራ ጊዜዬ ኅዳር ላይ ነበር የሚያልቀው። ያን ቀን ከጦር ኃይሎች እስከ ቀራንዮ በእግሬ ነው የተመለስኩት። ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ያንን ደስታ መያዝ አልቻልኩም።

ሁለት ነገር ግን መንገር አለብኝ። አንደኛ፣ ሕዋሳትን ለዓመታት የሚያቆየው ፈሳሽ ናይትሮጅን የሚቀመጥበት ጋናችን ተሰንጥቆ ጥገና ገብቶ ነበር፤ ስለዚህ ሰባተኛዋን አቀዝቅዘን ማስቀመጥ አልቻልንም። ያለችው በሁለት ጠፍጣፋ ጠርሙስ፣ በአንዲት ሞቃት ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ዶክተር ይልማ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ «ጥናቱ ታትሞ እስኪወጣ አንድም ሴል ከዚህ ቤት አይወጣም።» ውጭ አገር ሳሉ አንድ ጓደኛቸው የልፋታቸውን ፍሬ ወስዶባቸው እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ሴረም አለቀብን። ሴረም ሕዋሳቱ የሚመገቡት፣ ከጥጃ ደም የሚጣራ ፈሳሽ ነው። ያዘዝነው ጉምሩክ ተይዞ ነበር፤ ያለ እሱ ደግሞ ሰባተኛዋ ሳምንት አትቆይም። የእንስሳት ክትባት በሚሠራበት ሌላ ቤተ ሙከራ ውስጥ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ አንጋፋ ቴክኒሻን እንዳሉ ሰምቼ፣ ዶክተሩን አስፈቅጄ ሄድኩ። ጋሽ ደምሴ ቤተሰባቸው ከከፋ የመጣ፣ ረጋ ያሉ፣ በሥራ ሰዓት መዝሙር የሚያንጎራጉሩ ፕሮቴስታንት ነበሩ። ስለ ማን እንደላከኝ ብዙ አልጠየቁም። ከራሳቸው ሴረም በመስታወት ጠርሙስ ግማሽ ድረስ ቀዱልኝና፣ «ጠርሙሱን ብቻ መልሺልኝ፤ የዱሮ ዕቃ ነው፣ አሁን አይገኝም» አሉኝ።

ሴረሙን ወደ ራሳችን ዕቃ ገልብጬ ጠርሙሱን የምመልስበት ቀን ሲደርስ ጨነቀኝ። በእናቴ ቤት የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ጎረቤት በሳህን ቂንጬ ከላከ፣ ሳህኑ ሲመለስ ቢያንስ ሁለት ሎሚ ይቀመጥበታል። ያ ደንብ አጥንቴ ውስጥ ገብቷል። በሴረም ጠርሙስ ግን ምን ይላካል? ሎሚ አይላክ! ሳወጣ ሳወርድ ቆይቼ፣ ያለኝን ምርጥ ነገር ላኩ። ሰባተኛዋን ስመግብ የሚተርፈውን፣ ሌላ ቀን የምደፋውን፣ በትንሽ ቱቦ አድርጌ ከጠርሙሱ ጋር ይዤላቸው ሄድኩ።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አሉኝ፣ ቱቦዋን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው።

«አዲስ ሴል ናት ጋሼ። እኛ ነን የሠራናት።»

«ዶክተሩ ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ» አልኳቸው። ዋሸሁ። እንዲህ በፍጥነት መዋሸት እንደምችል እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ጥቅምት ገባ። ሰማዩ ጠርቶ፣ ጭቃው ደርቆ፣ የባቄላ እሸት በየመንገዱ ዳር ተዘርግቶ፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ብርዱ አጥንት የሚሰብርበት ወር ነው። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለው በከንቱ አይደለም። እኔ አጥንት ባላገኝም አንዲት ወይን ጠጅ ሹራብ ነበረችኝ፤ ከእሷ ጋር አድሬ ከእሷ ጋር እውል ነበር።

በዚያ ወር የመድኃኔዓለም ጽዋ ማኅበር ተራው የእናቴ ነበር። ሃያ ሰባት ቀን ማኅበርተኞቹ እኛ ቤት ይመጣሉ። እናቴ በነገር ሁሉ ልትሸነፍ ትችላለች፤ በጠላዋ ግን አትሸነፍም። ጌሾውን ራሷ መርጣ፣ ብቅሉን ራሷ አብቅላ፣ ጋኑን በወይራ አጥና ነው የምትጠምቀው። ጥንስሱ ሲደርስ፣ ሃያ አራት ቀን ማታ፣ ወገቧን ስላመማት እኔን ጠራችኝ። ቂጣውን ቆራርሼ፣ የሹራቤን እጅጌ ሰብስቤ፣ ጥንስሱ ውስጥ እስከ ክርኔ ገብቼ ድፍድፉን አሸሁት። ሽታው ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ፤ ኮምጠጥ ያለ፣ ሞቅ ያለ፣ የጌሾ ምሬት ያለበት። «እንዲህ ነው እንጂ!» አለችኝ እናቴ፤ ከእሷ አፍ ያ ትልቅ ሙገሳ ነው።

በማግስቱ ጠዋት እጄን በሳሙና ፈትጌ ታጥቤ ሥራ ገባሁ። ነጩን ጋወን ከሹራቤ ላይ ደረብኩ፤ ጓንት አጠለቅሁ፤ ጓንቱን በአልኮል ጠረግሁ፤ እንደተማርኩት ሁሉ አደረግሁ። ሁለቱንም ጠርሙሶች መገብኳቸው። ሁለቱንም በአንድ ጠዋት መመገብ እንደማይገባኝ፣ አንዱ ቢበከል ሌላው መትረፍ እንዳለበት፣ ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ግን ወደ ቤት ሄጄ እናቴን ልረዳ ቸኩዬ ነበር።

ሃያ ስድስት ቀን ጠዋት ሳጥኑን ከፍቼ ጠርሙሶቹን ወደ ብርሃን አወጣሁ። የሕዋሳቱ ምግብ ጥርት ያለ ሮዝ ነው፤ ያን ቀን ግን ደፍርሶ ነበር። በማይክሮስኮፕ ሳየው ሰባተኛዋ ከሥር ተጨማድዳለች፤ ከላይዋ እንደ ዶቃ የተቀጣጠሉ፣ አንዱ በሌላው ላይ የሚያቆጠቁጡ ጥቃቅን ክቦች ሞልተዋል። ክዳኑን ከፍቼ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። አይደረግም፤ ግን አደረግሁት። የሸተተኝ የእናቴ ቤት ነው።

ዶክተር ይልማን ጠራኋቸው። አዩት። ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«እርሾ ነው» አሉ። «ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

«ከየት ገባ?»

ጠርሙሶቹን ከደንኳቸው። በእርግጥ ያኔ በትክክል አላወቅሁም ነበር፤ ጠርጥሬያለሁ እንጂ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ? በረኪና አምጪ አሉኝ፤ ክፍሉን በሙሉ ሳይበክል መደፋት ነበረበት። አራት ወር ያሳደግኳት ሰባተኛዋ ላይ በረኪና ያፈሰስኩት በገዛ እጄ ነው። ሮዙ ቀለም ቀስ ብሎ ነጣ። ዶክተሩ ወንበር ስበው ተቀመጡና ከአየር ማስገቢያው ጀምሮ እርሾው ሊገባ የሚችልበትን አንድ በአንድ ያስቡ ጀመር። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ላይ ቆሙ።

«ያ ሴረም» አሉ። «ያ ሰውዬ የሰጡሽ። የተከፈተ ጠርሙስ፣ ከእንስሳት ክፍል። ይሄን ለአለቆቻቸው መጻፍ አለብኝ፤ ክትባትም እኮ ነው የሚሠሩበት!»

ያን ማታ ቤት ገብቼ ሹራቤን ሳወልቅ እናቴ ከእጄ ነጠቀችኝ። ወደ መብራቱ ይዛው ሄደችና የቀኝ እጅጌውን ገለበጠችው። የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል የደረቀ ድፍድፍ ከውስጥ በኩል ተጣብቆ ነበር።

«በዚህ ሹራብ ነው እንዴ ሥራ የሄድሽው?» አለችኝ።

የጓንቱ አፍ አጭር ነበር። እጄን ስዘረጋ የሹራቤ እጅጌ ከጓንቱና ከጋወኑ መሃል ብቅ ይል ነበር፤ በተከፈተው ጠርሙስ አናት ላይ። መጠራጠሩ እዚያ ላይ አበቃ። አወቅሁ።

በማግስቱ ማኅበር ነበር። ቤቱ በሰው ሞላ፤ ጸሎት ተደረገ፤ እኔም ጠላ ስቀዳ ዋልኩ። እናቶቹ አንድ ጎንጨት እያሉ፣ «የዘንድሮው ደግሞ ልዩ ነው፤ ማን ነው ድፍድፉን ያሸው?» ይላሉ። እናቴ በኩራት ወደ እኔ ትጠቁማለች። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ሰው ሲወጣ ጓሮ፣ ብርጭቆ የማጥብበት መጣች።

«ምንድን ነው የሆንሽው? ከትናንት ጀምሮ ሰው አልመሰልሽኝም» አለችኝ።

ሁሉንም ነገርኳት። ስለ እርሾው፣ ስለ ቱቦዋ፣ ስለ ውሸቴ፣ ስለ ደብዳቤው። እናቴ ፊደል የቆጠረችው ለዳዊት ያህል ነው፤ ግን ነገር ከየት እንደሚጀምር ታውቃለች።

«እኚያ ሰውዬ ጠላ ይጠጣሉ?» አለችኝ።

«ፕሮቴስታንት ናቸው እማዬ። ቤታቸው ጠላ ገብቶ አያውቅም።»

«ታዲያ በእኔ ጠላ እሳቸው ይከሰሱ?» ብርጭቆውን ከእጄ ተቀበለችኝ። «ነገ ሄደሽ እኔ ነኝ በያቸው። ያባርሩሽ እንደሆነ ያባርሩሽ፤ ቤት አለሽ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ግን እስኪጠራ ሰው መሃል ላይ ይጎዳል።»

በማግስቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የዶክተር ይልማ ቢሮ በር ላይ ቆሜ ነበር። ደብዳቤው ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ጠረጴዛው ላይ ነው። ፖስታው አልታሸገም። ሹራቤን በፌስታል ይዤ ነበር፤ አውጥቼ እጅጌውን ገለበጥኩላቸው።

«እኔ ነኝ ዶክተር» አልኳቸው። «የእናቴን ድፍድፍ አሽቼ፣ በዚህ ሹራብ ገባሁ። ጋሽ ደምሴ ምንም የሉበትም።»

እጅጌውን አዩት። እኔን አዩኝ። ደብዳቤውን አንስተው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

«መቼ አወቅሽ?»

«ከትናንት ወዲያ ማታ።»

«ሁለት ቀን።»

«ሁለት ቀን። ደግሞ ሌላም አለ።» ከጀመርኩ ወዲያ ማቆም አልቻልኩም። «ሕግዎን ጥሻለሁ። የጋሽ ደምሴን ጠርሙስ ስመልስ ባዶውን መመለስ አፍሬ፣ ሰባተኛዋን በአንድ ቱቦ ሰጥቻቸዋለሁ። ዶክተር ያውቃሉ ብዬም ዋሽቻለሁ።»

ድምፃቸው ከዚያ በፊት ሰምቼው ወደማላውቀው ዝቅታ ወረደ። «አንድም ሴል ከዚህ ቤት አይወጣም አላልኩም?»

«ብለዋል።»

«ባዶውን መመለስ አፍረሽ።»

«አዎ።»

ተነሡ። ወደ መስኮቱ ሄዱ። ጀርባቸውን እያየሁ የሥራ መጨረሻዬ ይሄ ነው ብዬ በልቤ ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርኩ። ዞር ሲሉ ግን ፊታቸው ሌላ ነበር። አእምሯቸው ከቁጣቸው ቀድሞ አንድ ቦታ ደርሶ ነበር።

«የት አስቀመጧት?» አሉ።

«አላውቅም።»

«ሞታ ይሆናል» አሉ፤ ግን የመኪናቸውን ቁልፍ እየፈለጉ ነበር።

አሮጌዋ ቮልስ ጦር ኃይሎች አደባባይ ላይ ሁለት ጊዜ ጠፋችብን። ጋሽ ደምሴ ዶክተሩን ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሥተው በሁለት እጃቸው ጨበጧቸው።

«ዶክተር፣ እንኳን መጡ! ስለ ስጦታዎ ሳላመሰግን ቀረሁ። እንዲህ ያለ ነገር ለእኔ ማን ይሰጠኛል?»

ዶክተር ይልማ ወደ እኔ አዩ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

«አለች?» አሉ ዶክተሩ በመጨረሻ።

«የት ትሄዳለች?» ጋሽ ደምሴ ጓንታቸውን አጥልቀው ከጥግ ያለውን የናይትሮጅን ጋን ክዳን አነሡ፤ ነጭ ጉም ወለሉ ላይ ፈሰሰ። «እኔ የሰው ነገር ሲሰጠኝ መጀመሪያ አበዛዋለሁ፤ ቀጥሎ አስቀምጠዋለሁ። ከዚያ በኋላ ነው የምነካው።» ሦስት ቱቦዎች አወጡ። በየክዳናቸው ላይ «ደ» የሚል ፊደል ተጽፏል፤ የደምሴ ደ።

አለቀስኩ። ማፈር ነበረብኝ፣ ግን አላፈርኩም። ዶክተር ይልማ ኪሳቸው ገብተው ያን ደብዳቤ አወጡና ለጋሽ ደምሴ ሰጧቸው።

«ሊከስዎ የተጻፈ ነው» አሉ። «ይቅርታ ለመጠየቅ ማንበብ አለብዎት።»

ጋሽ ደምሴ አነበቡት። ከዚያ እኔ የሆነውን ነገርኳቸው። ትከሻቸው መነቅነቅ ጀመረ። «በጠላ?» አሉ እንባቸው እየወረደ። «እኔን? የጸሎት ቤታችን ሽማግሌዎች ይሄን ቢሰሙ ምን ይላሉ!» ዶክተር ይልማ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከሦስቱ አንዷን ቱቦ ይዘን ተመለስን። አቀለጥኳት፤ መገብኳት፤ መርዙን መልሼ ጨመርኩባት። ለአንድ ሳምንት እህል በአፌ አልዞር አለኝ። በስምንተኛው ቀን ሰባተኛዋ የጠርሙሱን ወለል ሸፍናው ነበር። ከዚያ ፕሮቲኖቿን ለይተን በፊልም ላይ ስናወጣው፣ የካይኔዙ ምልክት እንደ ከሰል ጠቁሮ፣ ሰፍቶ ታየ። ጂኑን አልጣለችም። ወያላው አሁንም ጎኑን እየደበደበ ነው። ያቺን ጥቁር መስመር መብራት ላይ ይዤ ሳያት የተሰማኝን ኩራት፣ ልጆቼን ስወልድ ካልሆነ በቀር ዳግም አልተሰማኝም።

ዶክተር ይልማ የዕለት መዝገቡን ከፈቱ። ሰባተኛዋ የጠፋችበት ቀን ባዶ ተትቶ ነበር። በጥሩ የእጅ ጽሕፈታቸው እንዲህ ብለው ሞሉት፤ «እርሾ ገባ። ምክንያቱን ትርሲት ራሷ ተናገረች።» ሲያዩኝ ፊቴ ጥቁር ብሎ ነበር መሰለኝ፤ ለዘለዓለም የተጻፈብኝ መስሎኝ ነበር።

«ይሄ ነውር አይደለም» አሉኝ። «ይህን ዓረፍተ ነገር የምጽፍለት ሰው ስፈልግ ነው የኖርኩት።»

ያንኑ ቀን ሁለት ነገር አደረጉ። ሕጋቸውን ገለበጡት፤ ማንኛውም የሴል ዘር በአንድ ቤት ብቻ አይኖርም፤ እንደተራባ ለሌላ ቤት ይካፈላል አሉ። ለእኔ ደግሞ ማርከርና ወረቀት ሰጥተው፣ «ማስታወቂያውን አንቺ ጻፊው፤ ከሁላችንም ይልቅ የምታውቂው አንቺ ነሽ» አሉኝ። ለምን ሦስት ቀን እንደሆነ ማንም አያውቅም። እናቴን ጠይቄ ነው፤ «የድፍድፍ ሽታ ከእጅ የሚለቀው በሦስተኛው ቀን ነው» ስላለችኝ።

ኅዳር ላይ በቋሚነት ተቀጠርኩ። የሴል ክፍሉ ኃላፊ ከሆንኩ ስንት ዓመት ሆነኝ! ዶክተር ይልማ ለምን መድኃኒቱ እንደሚያቅተው ከጠየቁት ጥያቄ ጥቂቱን መለሱ፤ ቀሪውን የእነ ብሌን ትውልድ እየመለሰው ነው፤ በሰባተኛዋ። ከአገር ውጭ ድረስ ሄዳለች። የትም ብትሄድ ቱቦዋ ላይ «ደ» ይጻፋል። ለምን እንደሆነ የሚያውቁት ጥቂት ናቸው። ጋሽ ደምሴ ጡረታ ወጥተው ዓለም ባንክ ሠፈር ይኖራሉ፤ ያ የመስታወት ጠርሙስም እስከ ዛሬ በእሳቸውና በእኔ መሃል ይመላለሳል። ማር፣ ቅቤ፣ ኮረሪማ አመላልሰንበታል። ባዶውን የሄደበት ቀን የለም።

ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ሳምንቱ አለፈ። ትናንት፣ እሑድ ጠዋት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ስልኬ ጠራ። ብሌን ነበረች።

«እትዬ ትርሲት፣ በእሑድ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የአክስቴ ልጅ ልታገባ ነው፤ የጥር ሠርግ ያው ያውቁታል። ማታ ድፍድፍ አሳሹኝ፤ ትዝ ያለኝ ካሸሁት በኋላ ነው። ለሦስት ቀን አልገባም።»

«እሺ» አልኳት።

«ሰባተኛዋ ግን ነገ መመገብ አለባት።»

«እኔ አለሁ።»

«አልተቆጡኝም?»

«ማስታወቂያው ላይ መቆጣት የሚል አለ እንዴ? በይ፣ ሙሽራዋን እንኳን ደስ ያለሽ በይልኝ።»

ስልኩ ሲዘጋ ሰዓቱን አየሁ። አንድ ደቂቃ አልሞላም። ያንኑ ቃል እኔ ለመናገር ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል፤ አንድ ደግ ሰው ሊከሰስ ጫፍ እስኪደርስ ድረስ። በሰባተኛዋ እኮራለሁ፤ አልደብቅም። ትናንት ግን ከዚያም በላይ ኮራሁ። ይህቺ ልጅ በተቀጠረች በሳምንቷ፣ ነገሩ ሳይደፈርስ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ እኔ ነኝ ማለት የምትችልበት ቤት አግኝታለች።

ዛሬ ጠዋት ጋወኔን ለብሼ፣ እጅጌዬን ሁለት ጊዜ ፈትሼ ገባሁ። የብሌንን ሕዋሳት መገብኩላት። ስጨርስ የዕለት መዝገቡን ከፍቼ ቀኑን ጻፍኩ። ቀጥሎም እንዲህ አልኩ፤ «ብሌን ለሦስት ቀን አትገባም። ምክንያቱን ራሷ ተናገረች።»